«በካሬ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት፦ የቤት ጣራ መቀየሪያ ወጪን ራሳችሁ አስሉ

ባለፈው ዓመት የእናቴን ቤት ጣራ ልናስቀይር ስንነሳ አናጺውን መጀመሪያ የጠየቅኩት «በካሬ ስንት ትሠራለህ?» ብዬ ነው። ሳያመነታ ነገረኝ። የቤቱን ርዝመትና ስፋት በስልኬ አባዛሁ፣ ትንሽ መጠባበቂያ ጣል አደረግኩና ውጭ አገር ላለችው እህቴ «ይህን ያህል ላኪ» አልኳት። ሥራው ሲያልቅ ያወጣነው ገንዘብ የዚያን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ሰውየው አልዋሸኝም። እሱ የነገረኝ የእጅ ዋጋውን ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን የጣራውን ዋጋ ነው።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደኔ ካልኩሌተር ይዞ ለሚቸኩል ሰው ነው። የማወራው አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ስላለው ቤት ነው፦ ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ ፎቅ የሌለው፣ በእንጨት ላይ ቆርቆሮ የለበሰ። የብር ዋጋ ሆን ብዬ አልጽፍም። ቆርቆሮ የሚሠራበት ጥቅል ብረት ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዛሬ ወር የሰማችሁት ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ብዛቱ ግን አይለወጥም። ስንት ቆርቆሮ፣ ስንት ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት)፣ ስንት ሜትር አሸንዳ እንደሚያስፈልግ አንዴ ካወቃችሁ የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ ማባዛት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

1. መጀመሪያ ኮርኒሱ ውስጥ ግቡ

ብዙ ሰው መሰላል አቁሞ ከላይ ነው የሚያየው። ከላይ የሚታየው ዝገት ነው፣ ዝገት ደግሞ ያስደነግጣል እንጂ ብዙ አይናገርም። ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ ኮርኒሱን በአንድ ጥግ ከፍታችሁ ጭንቅላታችሁን አስገቡ። ባትሪውን አጥፉና ጨለማውን ተመልከቱ።

ብርሃን የሚገባው በሚስማሩ ቀዳዳዎች ብቻ ከሆነ፣ ምናልባት ጣራ መቀየር አያስፈልጋችሁም። የላላውን ሚስማር ነቅሎ ጎማ ያለው ወፈር ያለ መምታት፣ ጥቂቱን ቀዳዳ እንደ ሬንጅ ባለው ካትራሜ መድፈን በቂ ሊሆን ይችላል። ውሃው የሚገባው ከላይ ከጫፉ ከሆነ ኮልሞው፣ የጣራውን አናት የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ነው ችግሩ። ግድግዳ ዳር ከሆነ ደግሞ አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ወደ ውስጥ እየገነፈለ ሊሆን ይችላል። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ሙሉ ጣራ ቀይሮ ቤቱ ማፍሰሱን አላቆመም፤ ለካስ አሸንዳው ውስጥ የጎረቤት ኳስ ተቀርቅሮ ኖሯል።

ከዋክብት እንደበዛበት ሰማይ ቆርቆሮው ሆዱ ላይ ሁሉ ቀዳዳ ካለው ግን መድፈን ገንዘብ መጣል ነው። ያኔ ይቀየራል።

አሁን ካቻቢቴ አውጡ። ወራጁን (ከጣራው አናት ወደ ግድግዳው የሚወርደውን እንጨት)፣ በተለይ ግድግዳው ላይ የሚያርፈውንና ወደ ውጭ የሚወጣውን ጫፉን፣ ውጉት። ጠንካራ እንጨት ካቻቢቴውን ይመልሰዋል። የበሰበሰ ወይም ምስጥ የገባበት ግን እንደ ዳቦ ያስገባዋል። ስንት ወራጅና በላዩ በአግድም የተመታ ስንት ማገር እንደተበላ ቆጥራችሁ ጻፉ። እኔ ይህን አላደረግኩም። ቆርቆሮው ተነስቶ ሰማይ ከታየ በኋላ ነው ከወራጆቹ ግማሹ ምስጥ ብቻ አቅፎ እንደያዛቸው ያወቅነው። ቤት ክፍቱን ሆኖ እንጨት ፍለጋ ስትሮጡ ማንም ቅናሽ አያደርግላችሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አሮጌው ጣራችሁ ቆርቆሮ ሳይሆን ግራጫ፣ ሲሚንቶ የሚመስል፣ ወፍራም ሞገዳማ ንጣፍ ከሆነ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትስበሩት፣ በመጋዝ አትቁረጡት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነው። እሱን ማንሳት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ ወጪውም ለብቻው ይታሰባል።

2. ጣራውን ለኩ፣ ወለሉን አይደለም

የእኔ የመጀመሪያ ስህተት እዚህ ነበር። ቤቱ 8 በ10 ሜትር ነው፣ ስለዚህ 80 ካሬ ብዬ ቁጭ አልኩ። ጣራ ግን ከግድግዳው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ያዘነብላልም።

ምሳሌውን እስከ መጨረሻ እንዝለቀው። በየጎኑ 60 ሳንቲም ወደ ውጭ ይውጣ። ያን ጊዜ ስፋቱ 9.2፣ ርዝመቱ 11.2 ሜትር ይሆናል። ግራና ቀኝ የሚያፈስ ጣራ ነው እንበል፤ ስለዚህ የአንዱ ጎን አግድም ስፋት 4.6 ሜትር ነው። ከጣራው ጠርዝ እስከ አናቱ ያለው ከፍታ ደግሞ 1.4 ሜትር ይሁን። መሰላል የሚደፍር ሰው ካለ ከጠርዙ እስከ አናቱ በሜትር ቀጥታ ይለካው። ከሌለ ትምህርት ቤት የተማርናት ሒሳብ ትበቃለች፦ 4.6 በራሱ ሲባዛ 21.16፣ 1.4 በራሱ ሲባዛ 1.96፣ ድምሩ 23.12፣ ሥሩ 4.81 ሜትር ገደማ። ይህን በ11.2 አባዙ፣ ለሁለቱ ጎን በ2 አባዙ። ወደ 108 ካሬ ሆነ።

80 ካሬ ያልነው ቤት 108 ካሬ ጣራ አለው። ገና ከመነሻው ከሩብ በላይ ተሳስቻለሁ ማለት ነው።

ጣራችሁ በአራቱም በኩል የሚያፈስ ከሆነ ስፋቱ ብዙም አይለይም፣ ግን ማዕዘኑ ላይ ቆርቆሮ በሰያፍ እየተቆረጠ ይጣላል። ለእንዲህ ዓይነቱ እኔ ቢያንስ አስር በመቶ እጨምራለሁ።

3. ቆርቆሮውን በካሬ ሳይሆን በፍሬ ቁጠሩት

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

ቆርቆሮ ጎንና ጎኑ፣ ላይና ታቹ ይደራረባል። የምትከፍሉት ለሙሉው ነው፣ የሚሸፍንላችሁ ግን ከተደራረበው የተረፈው ብቻ ነው። ሱቅ ስትገቡ «ስፋቱ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ። «ሲደራረብ ስንት ይሸፍናል?» በሉ። ካላወቀ ሁለት ቆርቆሮ አደራርባችሁ ራሳችሁ ለኩ።

ሙሉ ስፋቱ 85 ሳንቲም ሆኖ ሲደራረብ 75 የሚሸፍን፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ አገኘን እንበል። በካሬ የሚያስበው ሰው 108ን በአንዱ ቆርቆሮ ስፋት፣ በ1.7 ካሬ፣ ያካፍልና 64 ፍሬ ይበቃል ይላል። እስቲ በፍሬ እንቁጠር።

በርዝመቱ በኩል 11.2 ለ0.75 ሲካፈል 15 ረድፍ ይወጣል። ከታች ወደ ላይ 4.81 ሜትር መሸፈን አለብን። የመጀመሪያው ቆርቆሮ 2 ሜትር ይሸፍናል። ቀጣዩ 20 ሳንቲም ስለሚደራረብ 1.8 ይጨምራል፣ 3.8 ሆነ። አልደረሰም። ሦስተኛ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ተቆርጦ የሚተርፈው ቁራጭ 79 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ለዶሮ ቤት ካልሆነ ለጣራው አይሆንም። ስለዚህ 15 ረድፍ በ3፣ በሁለት ጎን፦ 90 ቆርቆሮ።

64 ብሎ የተነሳ ሰው 26 ቆርቆሮ ይጎድለዋል። ያውም ጣራው ተከፍቶ፣ ደመናው እየተሰበሰበ።

እዚህ ላይ ጥሩ ገንዘብ የሚተርፍበት ቦታ አለ። ባለ 3 ሜትር ቆርቆሮ ከተገኘ፣ አንድ 3 እና አንድ 2 ሜትር 15 ሳንቲም ተደራርበው 4.85 ይሸፍናሉ። ልክክ አለ። የገዛችሁት ጠቅላላ ርዝመት ከ180 ሜትር ወደ 150 ወረደ። መደራረቡን 15 ለማድረግ ግን ጣራው በደንብ የሚያዘነብል መሆን አለበት። ለጥ ባለ ጣራ ላይ ውሃ በመደራረቢያው ወደ ኋላ ይገባል፤ እዚያ ላይ አትሰስቱ።

ሌላው አማራጭ በልካችሁ የሚቆረጥ ረጅም ቆርቆሮ ነው፣ ኢጋ የሚባለውን ጨምሮ። 4.85 ሜትር አስቆርጣችሁ 30 ፍሬ ብትገዙ 145.5 ሜትር ነው፤ መሃል ላይ መደራረብ የለም፣ የሚያፈስ ስፌትም የለም። «ኢጋ ውድ ነው» የሚባለው በሜትር ሲታይ ነው። ለስሌት እንዲመች የአጭሩን አንድ ሜትር 100 ብር፣ የረጅሙን 120 እናድርገው፤ ቁጥሩ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ገበያ ላይ አትፈልጉት። የሚሸፍነውም እንደ አጭሩ 75 ሳንቲም ነው እንበል። አጭሩ 180 ሜትር ስለሚፈጅ 18,000 ይመጣል። ረጅሙ 145.5 ሜትር ስለሚፈጅ 17,460። ውዱ ረከሰ። ለዚህ ቤት ረጅሙ በሜትር እስከ 23 በመቶ ቢበልጥ እንኳ አያስከፋም። ለእናንተ ቤት መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ቁጠሩ። ረጅሙ ቆርቆሮ ግን ጠባብ መንገድ ውስጥ አይዞርም። መኪናው በር ድረስ የማይገባ ከሆነ አምስት ሜትር ቆርቆሮ በሰው ጫንቃ ቅያስ ለቅያስ መሄዱን አስቡበት።

4. ውፍረቱን በሚዛን አረጋግጡ

ሱቅ ውስጥ ባለ 28፣ ባለ 32፣ ባለ 35 ሲባል ትሰማላችሁ። ጌጅ፣ የውፍረት መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይቀጥናል፤ መጀመሪያ ስሰማ እኔም በተቃራኒው ነበር የገባኝ። 28 ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ 32 ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቀጠነው ሰው ሲረግጠው ይጎደጉዳል፣ በረዶ ሲመታው ይሰረጉዳል፣ ቶሎም ይበሳል። ለኩሽና ወይም ለአጥር ይሆናል። ለምትኖሩበት ቤት ግን ጣራውን በጥቂት ዓመት ውስጥ ሁለቴ መግዛት ነው።

ችግሩ የተጻፈው ቁጥርና ብረቱ ሁልጊዜ አለመስማማታቸው ነው። ማይክሮሜትር ያለው ዘመድ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ክርና ሚዛን ይበቃል። ክሩን በቆርቆሮው ስፋት ላይ፣ ሞገዱን እየተከተላችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም አስኪዱት፣ ከዚያ ዘርግታችሁ ለኩት። ቆርቆሮው ሳይታጠፍ በፊት የነበረው ስፋት እሱ ነው። 1 ሜትር መጣ እንበል። 2 ሜትር ርዝመት ካለው 2 ካሬ ብረት ማለት ነው። አንድ ካሬ ብረት በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የእውነት 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነው ቆርቆሮ 3.9 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይገባል። 3.1 ኪሎ ከመጣ 0.2 ነው የሸጡላችሁ። 0.4 ከሆነ 6.3 ኪሎ ገደማ ነው።

እኔ ይህን ሳደርግ ባለሱቁ ሳቀብኝ። ሁለተኛውን ቆርቆሮ ሚዛን ላይ ስጭን ግን ሳቁን አቆመ፣ ከጓዳም ሌላ ዓይነት አስወጣ።

5. እንጨትና ሚስማር

ቆርቆሮው የሚመታው ሞራሌ ላይ ነው። ቀጭን ቆርቆሮ ሞራሌው ተቀራርቦ እንዲመታ ይፈልጋል፣ ከ60 እስከ 80 ሳንቲም። በምሳሌያችን 4.81 ሜትሩን በ80 ሳንቲም ብንከፍለው በአንድ ጎን 7 መስመር ይሆናል። አንዱ መስመር 11.2 ሜትር ነው። ሞራሌው 4 ሜትር ከሆነ በመስመር 3፣ ለ14 መስመር 42 ሞራሌ። ላይ ከቆጠራችሁት የተበላ ወራጅ ጋር ደምሩት።

እርጥብ እንጨት አትግዙ። ርካሽ ነው፣ ከባድም ነው፣ ጣራው ከተዘጋ በኋላ እየደረቀ ይጠማዘዛል፤ ሲጠማዘዝ ሚስማሩን ይስበዋል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ከዚያ ክረምት ሲመጣ «አዲሱ ጣራ አፈሰሰ» ትላላችሁ። ከመመታቱ በፊት የምስጥ መድኃኒት ወይም የተቃጠለ ዘይት ማስቀባትም ትንሽ ወጪ ነው፤ እዚህ ላይ መቆጠብን አልመክርም።

ሚስማር፦ 30 ረድፍ ቆርቆሮ፣ እያንዳንዱ 7 መስመር ላይ፣ በመስመር 4 ሚስማር፤ 840። በኪሎ ስለሚሸጥ ግማሽ ኪሎ አስመዝናችሁ ቁጠሩና ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ አውጡ። ጎማ ያለውን ግዙ። ሞገዳማው ቆርቆሮ ላይ ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፣ ውሃ የሚሄድበት ሸለቆው ላይ አይደለም። ይህን ለአናጺ መንገር ያሳፍራል፤ የሚያውቀው ነው። ግን በዓይናችሁ እዩ።

6. ማንም የማይነግራችሁ ዝርዝር

ኮልሞ 11.2 ሜትር ነው፤ ባለ 2 ሜትሩ እየተደራረበ 7 ፍሬ። አሸንዳ በሁለት ጎን 22.4 ሜትር፣ ከነመያዣው። የውሃ መውረጃ ቱቦ። ጠርዙ ላይ የሚመታው ጣውላ፣ ፋሻ የሚሉት፣ ከነቀለሙ።

አሸንዳውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእኛ ጣራ ከላይ ሲታይ 9.2 በ11.2፣ 103 ካሬ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ ደህና የሐምሌ ዝናብ ከ2,000 ሊትር በላይ ያወርዳል። ቀጭን ቱቦ በአንድ ጥግ ብቻ ብታደርጉ አይችለውም፤ በየጎኑ አንድ አንድ ይኑረው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ይህን ሁሉ ወደ ቦይ ከመልቀቅ አንዱን ቱቦ ወደ ሮቶ ማዞር ነው። ጣራ ሲቀየር ከተሠራ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። የጣራችሁ ውሃ የጎረቤት ግቢ ውስጥ እንዳይወርድ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ከቆርቆሮው ይወደዳል።

ኮርኒሱም አለ። አሮጌ አቡጀዴ ወይም ችፑድ ከሆነ ቆርቆሮው ሲነሳ የሃምሳ ዓመት አቧራና የአይጥ ጎጆ ይወርድበታል፣ ብዙ ጊዜም አይተርፍም። 80 ካሬ ኮርኒስ ራሱን የቻለ በጀት ነው። ኮርኒሱ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ልጡ የተነሳ ከሆነ የሚቀየርበት ጊዜ አሁን ነው፣ ተከፍቶ ሳለ። ዲሹን አውርዶ መልሶ የሚያስተካክል ሰው ይከፈለዋል። ጣራ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ካለም እንደዚያው።

7. ማንሳት፣ ማጓጓዝ፣ ጫኝና አውራጅ

ጠይቁ፦ የእጅ ዋጋው አሮጌውን ማንሳትን ይጨምራል? እኔ ጋ አይጨምርም ነበር። ይህን ያወቅኩት ሰዎቹ ጠዋት መጥተው «እሱ ሌላ ሒሳብ ነው» ብለው ቁጭ ሲሉ ነው።

አሮጌው ቆርቆሮ የማን ነው የሚለውንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የተበላውን ቆራሌው ይወስደዋል። ደህናው ለአጥር ይሆናል፣ ወይም ገዢ አያጣም። አንዳንድ አናጺ እንደ ባህል «አሮጌው የኛ ነው» ይላል። መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡ፣ ግን ከእጅ ዋጋው ላይ አስቀንሱበት።

አይሱዙ ኪራይ ይታወቃል። የማይታወቀው ጫኝና አውራጅ ነው። ሰፈር ስትደርሱ ወጣቶች ይከባሉ፣ የሚጠሩት ዋጋ አንዳንዴ ከመኪናው ኪራይ ይበልጣል። ዕቃው ከመምጣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሄዶ መነጋገር ይሻላል፤ መኪና አቁሞ መከራከር ሁልጊዜ ያሸንፋችኋል። ዕቃውን በአንድ ጉዞ ማምጣትም ይህን ወጪ አንዴ ብቻ ያደርገዋል። መጀመሪያ በፍሬ የቆጠራችሁት እዚህም ይጠቅማል።

8. የእጅ ዋጋና ውል

ሦስት ሰው ጠይቁ። ሦስቱንም ያንኑ ዝርዝር አሲዙና፣ ምን ምን እንደሚጨምር ጽፈው ይስጡ። «በካሬ» ካሉ የትኛው ካሬ እንደሆነ ይግባባችሁ፦ የወለሉ 80 ነው የጣራው 108? በአንድ ቤት ላይ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዋጋ የሚሰጡት አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

በቀን ክፍያ ማሠራት አልወድም። ሁለት ቀን የሚፈጀው ሥራ አምስት ቀን ይሆናል። ግን የእንጨቱን ጥገና በቁርጥ ዋጋ ማስያዝም ይከብዳል፣ ምን እንደሚገኝ ማንም አያውቅምና። እኔ ብሆን አሁን ቆርቆሮውን በቁርጥ፣ የተበላ ወራጅ መቀየሩን ደግሞ በፍሬ እዋዋላለሁ።

ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። ጊዜ ይወስዳል፣ ያደክማል፣ ግን ቆርቆሮውን ሚዛን ላይ የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ዋጋ ስትጠይቁ በደረሰኝ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ የሚለውን ለዩ። ቫት 15 በመቶ ነው፤ 200,000 የተባለው ዕቃ ቫቱ ሲጨመር 230,000 ይሆናል። ሁለት ሱቅ ስታወዳድሩ አንዱ ከነቫቱ ሌላው ያለ ቫት እየነገራችሁ እንዳይሆን።

ክፍያው በደረጃ ይሁን። ትንሽ ቀብድ፣ አሮጌው ተነስቶ እንጨቱ ሲስተካከል የተወሰነ፣ ቆርቆሮው ሲዘጋ አብዛኛው፣ የመጨረሻው ደግሞ ጣራው በውሃ ከተፈተነ በኋላ። ውጭ አገር ሆናችሁ የምትልኩ ከሆነ በየደረጃው ቪዲዮ ይላክላችሁ፣ በተለይ እንጨቱ ተራቁቶ ሳለ። ከተሸፈነ በኋላ ሁሉም ጣራ ያምራል።

9. ፈቃድና ጊዜ

ወረዳ ሄዳችሁ የእድሳት ፈቃድ እንደሚያስፈልጋችሁ ጠይቁ፣ በተለይ እንጨቱን የምትቀይሩ ከሆነ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ቤቱን የሚያስተዳድረውን አካል ሳታስፈቅዱ ሚስማር አትንቀሉ። መሃል ላይ የቆመ ሥራ፣ ያውም የተከፈተ ጣራ፣ ከምንም ወጪ ይከፋል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ግንቦት ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ጣራው ትዝ ይለዋል፤ ደህና አናጺ አይገኝም። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ሲባል ሰምታችሁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጣራ የምትከፍቱ ካላችሁ ትልቅ ሸራ ግዙ። በማንኛውም ወር ብትሠሩም ሸራ ይኑራችሁ፤ እኛ ኅዳር ላይ ሠርተን አንድ ማታ ዘንቦብናል።

10. አሁን ደምሩ

አንድ ወረቀት ላይ ከላይ እስከ ታች፦ ቆርቆሮ፣ ሞራሌና ወራጅ፣ ሚስማር፣ ኮልሞ፣ አሸንዳና ቱቦ፣ ፋሻና ቀለም፣ የምስጥ መድኃኒት፣ አሮጌውን ማንሳት፣ መኪና፣ ጫኝና አውራጅ፣ የእጅ ዋጋ፣ ኮርኒስ፣ ሽቦ፣ ዲሽ፣ ሸራ። በየፊቱ ብዛቱን ጻፉ። ከዚያ አንድ ቀን መድባችሁ የሁሉንም ዋጋ በዚያው ቀን ጠይቁ። ዛሬ ቆርቆሮ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንጨት ከጠየቃችሁ ድምሩ የማንም ቀን ድምር አይሆንም።

መጠባበቂያው የሚወሰነው ኮርኒስ ውስጥ ባያችሁት ነው። እንጨቱን ወግታችሁ ጠንካራ ከሆነ አስር በመቶ ይበቃል። ገብታችሁ ማየት ካልቻላችሁ ሃያ ያዙ። ገንዘቡ ከተሟላ በኋላ ነው የሚጀመረው እንጂ ግማሹ ተይዞ «ሌላው ይመጣል» ተብሎ አይደለም። ለእህቴ ሁለተኛ ስደውልላት የነበረውን ድምጿን አልረሳውም።

የሥራው ቀን

ጠዋት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። የቤት ዕቃውን በላስቲክ ሸፍኑ። አንዱ ጎን ተነስቶ በዚያው ቀን ሳይዘጋ ሌላው እንዳይከፈት ከአናጺው ጋር ተስማሙ። ቆርቆሮው መደርደር የሚጀምረው ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጫፍ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ነፋሱ ከመደራረቢያው ሥር አይገባም። ነፋስ ከበረታ ሥራው ይቁም፤ የበረረ ቆርቆሮ አንገት ይቆርጣል።

ሲያልቅ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት የውሃ ጎማ አውጥታችሁ ከኮልሞው ጀምሮ ግማሽ ሰዓት አጠጡት፣ አንድ ሰው ኮርኒስ ውስጥ ሆኖ ይመልከት። ከዚያ ጣራውን በለስላሳ መጥረጊያ አስጠርጉ። ቆርቆሮ ሲቆረጥና ሲበሳ የሚበተነው የብረት ብናኝና የወደቀው ሚስማር እዚያው ከቀረ በመጀመሪያው ዝናብ ይዝግና አዲሱን ቆርቆሮ ያስዝገዋል። አሸንዳው ውስጥም እጃችሁን አስገቡ። እኛ ከአሸንዳው ውስጥ ሁለት እፍኝ ሚስማርና አንድ የአናጺ ምሳ ዕቃ አውጥተናል።